የንጽጽር ሥነ ጽሑፍ ተማሪ መደርደሪያው የት ነው?

«በረላም ወይዋስፍ» የተሰኘው ታሪክ ሥሩ ህንድ ነው፤ ስለ ቡድሃ ሕይወት ከሚተረከው የመጣ ነው። በዐረብኛ፣ በጆርጂያኛና በግሪክኛ ሲጻፍ ቆይቶ በ1553 (እ.ኤ.አ.) እጨጌ ዕንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱት። ይህን ጉዞ ልከተል የሚል ተማሪ ግን ቤተ መጻሕፍት ሲገባ ታሪኩን ተበታትኖ ያገኘዋል። ብዙዎች በሚሠሩበት የዴዊ አመዳደብ የግሪክ ሥነ ጽሑፍ በ880ዎቹ፣ የዐረብኛው በ892.7፣ የኢትዮጵያው በ892.8 ሥር ነው፤ ሃይማኖታዊ ነው የተባለ ቅጂማ ጭራሽ 200ዎቹ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የስሙም አጻጻፍ በየቋንቋው ስለሚለያይ የኮምፒውተር ፍለጋው አንዱን ሲይዝ ሌላውን ይስታል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለንጽጽር ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ከመጽሐፍ ግዢ በፊት የሚያሻቸው ያለውን በጭብጥ የሚያገናኝ ዝርዝርና ቋንቋዎቹን የሚያውቅ ባለሙያ ነው ባይ ነኝ።

«ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚሉ አይጠፉም። ከፊል እውነት አላቸው፤ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በማይክሮፊልም ከተነሡት ብራናዎቻችን ብዙዎቹ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየም አማካይነት ዛሬ በነጻ ይታያሉ። ለማየት ግን መጀመሪያ መኖራቸውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የፍለጋ ሳጥን ያልጠየቁትን አይነግርም። የገንዘብ እጥረት የሚለው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ባለሙያ መቅጠር ወጪ አለው። ዝርዝሩን ለመጀመር ግን በየመመረቂያ ጽሑፉ መጨረሻ የተደረደሩትን ዋቢዎች አሰባስቦ ማመሳከር ይበቃል። ተማሪዎች ይህን ሥራ በየዓመቱ ይሠሩታል፤ ጽሑፉ ተጠርዞ ሲቀመጥ ዋቢውም አብሮ ይቀመጣል፣ ተከታዩም ከዜሮ ይጀምራል።