«ዒልም የአላህ ነው»



ለመድረሳ ልጆች የዐረብኛ ፊደል ማስተማሪያ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጅቼ ነበር። ከመግሪብ በኋላ እየተቀመጥኩ ሁለት ክረምት ፈጀሁበት። አንድ ቀን አንዲት ተማሪዬ ይዛ የመጣችው መጽሐፍ ቃሉም ሥዕሉም የኔው ነው፤ ሽፋኑ ላይ ግን የሌላ ሰው ስም አለ። እኔ የሳትኳት ፊደል እንኳ ሳትታረም እዚያው ተቀምጣለች።

አባዢውን ብጠይቀው «ኡስታዝ፣ ዒልም እኮ የአላህ ነው! አጅሩን ያገኙታል» አለኝ።

እውነት ነው፣ ዒልም የአላህ ነው። ስንዴስ የማን ነው? ታዲያ ዳቦ ቤት ገብተን «ስንዴው የአላህ ነው» ብለን ሳንከፍል እንወጣለን? ዒልሙ የአላህ ከሆነስ፣ ወንድሜ ሆይ፣ ስምህንና ዋጋውን ሽፋኑ ላይ ለምን ጻፍክ?

ዑለሞቻችን አንዲት ሐዲስ ለማስተላለፍ «እገሌ ከእገሌ ሰማ» እያሉ የስም ሰንሰለት ጠብቀዋል። የእነርሱ ተከታዮች ነን የምንል እኛ የጸሐፊን ስም በምላጭ እንፍቃለን?

ይህ የኔ የግል ቅሬታ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው 5ኛ ጉባኤው የድርሰት መብት በሸሪዓ የተጠበቀ ሐቅ መሆኑን ወስኗል። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ሥራው ባይመዘገብ እንኳ መብቱን ለደራሲው ይሰጣል፤ ደራሲው ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይጠብቃል። ወራሾቹ የቲሞች ቢሆኑስ? የሟችን መጽሐፍ ሳያስፈቅድ የሚቸበችብ ሰው የማንን ገንዘብ እየበላ እንደሆነ ያስብ።

ታዲያ የተበደለ ሰው ምን ያድርግ? ዝም አይበል። ረቂቁን፣ የማተሚያ ቤቱን ደረሰኝና የተባዛውን ቅጂ ያስቀምጥ። አስቀድሞ በዳዩን በደብዳቤ ወይም በምስክር ፊት ይምከረው። እምቢ ካለ ሽማግሌ ይላክበት። ይህም ካልሆነ ፍርድ ቤት ሄዶ ሥርጭቱ እንዲታገድና ካሳ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል። በቴሌግራም ወይም በዩቲዩብ ከተለቀቀም ለድርጅቱ አቤት ብሎ እንዲነሳ ያመልክት። በነፃ መስጠት የሚሻ «ማባዛት ፈቅጃለሁ» ብሎ ሽፋኑ ላይ ይጻፍ። ሰደቃ ባለቤቱ ወዶ የሚሰጠው እንጂ ሌላው ቀምቶ የሚወስደው አይደለም።

እኔ የመጽሐፉን ሁለተኛ ክፍል ጽፌ ጨርሻለሁ፤ እስካሁን ግን ሣጥን ውስጥ ነው። የተጎዳው ማን ነው? ልጆቻችሁ ናቸው።

ወላጆች ሆይ! መጽሐፍ ስትገዙ «የማን ሥራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጆቻችን «ስርቆት ሐራም ነው» የሚለውን ከተሰረቀ መጽሐፍ አይማሩት።

አላህ ከሐራም ጉርሻ ይጠብቀን። አሚን።