አንድ መዝገብ ለሁለት ጸሐፊ

ኮንቴይነር የሚለው ቃል ለነጋዴ እንግዳ አለመሆኑ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አይዲያል ኤክስ የተባለችው መርከብ 58 የብረት ሣጥኖችን ጭና ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን ከተጓዘች ወዲህ፥ ዕቃ ሳይገለበጥ ከመርከብ ወደ ካሚዮን መተላለፉ የዓለምን ንግድ ለውጦታል። የኮምፒዩተር ባለሙያዎችም ስሙን የተዋሱት ይህንኑ ጥቅም አይተው ነው፤ ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር በአንድ ጠቅልለው ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ያዛውሩታል። ዶከር የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ አሠራሩ እጅግ ተስፋፍቷል።

ይሁን እንጂ የሶፍትዌሩ ኮንቴይነር ሲሰረዝ በውስጡ የተጻፈው ሁሉ አብሮት ይጠፋል። አሮጌውን ሰርዞ በአዲስ መተካት የዘወትር ሥራ እንደ መሆኑ መጠን፥ የሽያጭ መዝገቡን በኮንቴይነሩ ውስጥ የተወ ድርጅት መዝገቡን በገዛ እጁ እንዳቃጠለ ይቆጠራል። ቮልዩም የሚባለው ማከማቻ የተበጀው ስለዚህ ነው። ይኸውም ከኮንቴይነሩ ውጭ በማሽኑ ዲስክ ላይ የሚቀመጥ ሲሆን፥ ኮንቴይነሩ ቢሰረዝም እርሱ ይቀራል። ሁለትና ሦስት ኮንቴይነሮችም በአንዱ ቮልዩም በጋራ ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ወዲያውኑ ያነበዋል።

ጉዳቱ የሚመጣው ከዚሁ ምቾት ነው። ዶከር በሩን ይከፍታል እንጂ ዘበኛ አያቆምም። ሁለት ኮንቴይነሮች በአንድ ፋይል ላይ በአንድ ጊዜ ቢጽፉ ማን ይቅደም ብሎ የሚዳኝ የለም፤ ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ተራ ካልጠበቁ በቀር የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሳል። ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት ለዚህ አብነት ይሆናል። ሁለት ሰርቨሮች በአንድ ማኅደር ላይ እንዳይሠሩ የመጀመሪያው የሥራ ቁጥሩን በፋይል ጽፎ ያኖራል፤ ሁለተኛው ሲነሣ ያ ቁጥር ያለው አሁንም በሥራ ላይ መኖሩን ይመረምራል። እያንዳንዱ ኮንቴይነር ግን ቁጥሩን ከ1 ጀምሮ ለብቻው ስለሚቈጥር፥ የጎረቤቱን ሥራ አያይም። የታሰበው ጥበቃ በዚህ መንገድ ሊታለል ይችላል፤ መዝገቡም ይበላሻል።

ስለሆነም ለአንድ ቮልዩም አንድ ጸሐፊ ብቻ እንዲኖር መደንገግ ይገባል። ሌሎቹ ለንባብ ብቻ እንዲገቡ ማድረግ በትእዛዙ ላይ ሁለት ፊደል ከመጨመር አያልፍም፤ ይህን የሚዘል ባለሙያ ቸልተኛ እንጂ ሥራ የበዛበት አይባልም። ብዙ ማሽኖችን በአንድነት በሚያስተዳድረው በኩበርኔቲስም ቢሆን፥ «ለአንድ ብቻ መጻፍ የተፈቀደ» የተባለው የቆየ ደንብ አንድን ማሽን እንጂ አንድን ፕሮግራም ማለት አይደለም፤ በዚያው ማሽን ላይ ያሉ ሁለት ፕሮግራሞች አብረው ሊጽፉ ይችላሉ።

ቮልዩም የመጠባበቂያ ግልባጭም አይደለም። ዲስኩ ቢበላሽ አብሮ ይበላሻል፤ ኮንቴይነሮቹን በአንድነት በሚያወርደው የኮምፖዝ ትእዛዝ ላይም አንዲት ፊደል ብትጨመር ቮልዩሙ ጭምር ይሰረዛል። እንግዲህ መዝገቡ በየትኛው ቮልዩም እንዳለ፥ ማን እንደሚጽፍበት፥ ግልባጩም በየትኛው ሌላ ማሽን እንደሚገኝ በጽሑፍ ያልተሰጠው ሥራ አስኪያጅ፥ የሥራውን ዋጋ አጠናቆ ባይከፍል ይሻለዋል።