ቮልስ ወይስ ላንድሮቨር? እኛ ከቮልስ ጋር ነን

ላንድሮቨር የሚያመልኩ ጓደኞች አሉን። ክረምት ከገባ በኋላ ሱሉልታ ቮልስ ይዞ መሄድ ራስን ማዋረድ ነው ይሉናል። እስቲ እንከራከር!

መጀመሪያ የሚገባውን እንስጠው። አሮጌው ላንድሮቨር እግሩ ረጅም፣ አካሉ የማይዝግ አሉሚኒየም ነው። ግን በደህና ቀን እሱም የሚሄደው በኋላ ጎማዎቹ ብቻ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? የፊቶቹ የሚያግዙት ሹፌሩ ቢጫዋን ማንሻ ሲጫን ወይም ቀዩን ሲስብ ነው። ቀዩ ከባዱን ማርሽ ያስገባል፤ ያኔ እየተንፏቀቀም ቢሆን ከማጥ ይወጣል።

ቮልስስ? ሞተሩም ከኋላ፣ የሚገፉት ጎማዎችም ከኋላ። ክብደቱ የሚያርፈው ጉልበት በሚፈለግበት ቦታ ስለሆነ ጭቃ እንደሚታሰበው አያሸንፈውም። የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር የለውም። ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ ዳገቱን ወደ ሱሉልታ ሲወጣ የሚፈላ ውሃ የለም ማለት ነው። ጥልቅ ቦይ ካጋጠመው ሆዱ መሬት ይነካል፣ አንዋሽም።

አሁን ወደ ዋናው ጠባችን። ላንድሮቨርንም ሆነ ቦታውን የወረሰውን ላንድክሩዘር በብዛት የምናውቃቸው በመሥሪያ ቤት መኪናነት ነው። በሰበታ የጅማው፣ በቡራዩ የአምቦው፣ በሱሉልታ የጎጃሙ አስፋልት ያልፋል። ጭቃው የሚጀምረው ወደ ሰፈር ሲታጠፉ ነው። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። ባለ ፎር ዊሉ ኃላፊ ግን የትም ይሁን የት ማንሻውን አስነክቶ ያልፋል። ወገቡ ያልተንገጫገጨ ሰው ስለ ሰፈር መንገድ ምን ይገደዋል? አንድ ክረምት፣ አንድ ብቻ፣ ኃላፊዎች ሁሉ ቮልስ ይንዱ!

ክብር ይቀንሳል? መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ ሮልስ ሮይስ የለመዱትን ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው በቮልስ ነበር። ንጉሥ የወረደበት መኪና ስለሆነ ይሆን ሹመኛ ሁሉ የሚሸሸው?

ጓደኞቻችን የመጨረሻ ጥያቄ አላቸው፤ ቮልሱ ሲዋጥ ማን ያወጣዋል? ስምንት መቶ ኪሎ ገደማ ነው፤ አራት የሰፈር ልጅ ይበቃዋል። እጥፉን የሚመዝነው ረጅሙ ላንድሮቨር ሲዋጥ ግን ትራክተር ፍለጋ ነው።