ሻጋታ ያገኘው ሸራ

ነጭ ዓባይ ዳርቻዋን እያጠበ በሚያልፍባት በጁባ ከተማ፣ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት በሚዘልቀው የዝናም ወራት፣ ሻጋታ ያልነካው ድንኳን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በ1997 ዓ.ም. የሰሜንና የደቡብ ሱዳን የሰላም ውል ከተፈረመ በኋላ፣ ከተማይቱ እንግዶቿን የምታሳድርበት በቂ ሕንፃ ስላልነበራት በወንዙ ዳር የድንኳን ማደሪያዎች ተተክለው ነበር፤ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህም፣ ሕንፃው እየበዛ ቢሄድም፣ ሸራው ከሆቴሉ ግቢና ከምግብ ቤቱ ደጅ፣ ከሠርጉና ከለቅሶው ስፍራ አልተለየም። በዚያች ከተማ ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተው ከሚሠሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸውና ነገሩ እኛንም ይመለከተናል።

የሚያሳዝነኝ፣ ጥቁር ነቁጥ በሸራው ላይ በታየ ጊዜ ሁሉ፣ ምንነቱ ሳይመረመር በረኪና የሚደፋበት መሆኑ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን በ13ኛው ምዕራፍ ስለ ልብስ ደዌ ሲደነግግ፣ ካህኑ ልብሱን አይቶ ሰባት ቀን ዘግቶ እንዲያቆየው፣ ደዌው ተስፋፍቶ ቢገኝ በእሳት እንዲያቃጥለው፣ ካልተስፋፋ ግን አሳጥቦ ሰባት ቀን ዳግመኛ እንዲጠብቀው ያዝዛል፤ ለአንድ ልብስ ይህን ያህል ትዕግሥት ከታዘዘ፣ ብዙ ገንዘብ ለወጣበት ድንኳን የአንድ ሰዓት ምርመራ መንፈጋችን አግባብ አይደለም።

ሻጋታ ሕይወት ያለው ረቂቅ ፍጥረት ነው፤ ዘሩ በአየር ላይ ተበትኖ ስለሚኖር፣ እርጥብ ሸራ ተጠቅልሎ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢያድር ለመብቀል ይበቃዋል። ሸራው የጥጥ ቢሆን ጥጡን ራሱን ይመገባል፤ ናይሎን ወይም ፕላስቲክ ቢሆን በላዩ ያረፈውን አቧራና ቅባት ይበላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሎሞን ደሴቶች ከሰፈረው የአሜሪካ ጦር የበሰበሰ ሸራ ላይ የተገኘው ሻጋታ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. በተመራማሪው በኤልዊን ሪስ ስም ትሪኮደርማ ሪዜይ የተባለው፣ ጥጥን በማፍረስ ኃይሉ እጅግ የበረታ ከመሆኑ የተነሣ፣ ዛሬ ጂንስ ለማለስለስ የሚያገለግለው ንጥረ ነገር ከእርሱ ይወጣል።

ነቁጡ የሻጋታው ቀለም ስለሆነ፣ ሻጋታው ከሞተም በኋላ በክሩ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ መግደልና ማጽዳት ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። በረኪና ቀለሙን ያነጣል፤ ነገር ግን የጥጡንና የናይሎኑን ክር ያደክማል፣ ስፌቱን ያላላል፣ ውሃ የሚከለክለውን ቅብ ይገፍፋል። የሚሻለው፣ ሸራውን ከሰው አርቀው በፀሐይ ካደረቁ በኋላ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ፣ ቀጥሎም ኮምጣጤን ከእኩል ውሃ ጋር ደባልቆ፣ በስውር ጥግ ሞክሮ፣ ነቁጡን አርሶ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት፣ በለዘብተኛ ሳሙና አጥቦ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ለቀረው ነቁጥ ሎሚና ጨው ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማዋል ይረዳል፤ ከዚያም በኋላ ያልለቀቀውን መተው ይሻላል። ኮምጣጤና በረኪና ግን ፈጽሞ አይደባለቁ፤ ከሁለቱ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን ይጎዳል።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ከተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ጀምሮ በጁባ በመጠለያ ሸራ ሥር የኖሩትን ቤተሰቦች ይህን አድርጉ ማለት አልደፍርም፤ የሚተኙበትን አፍርሰው የሚያደርቁበት ስፍራ የላቸውምና ለእነርሱ የሚገባው አዲስ ሸራ ነው። ቃሌ ለባለሆቴሉና ለድንኳን አከራዩ ነው። መኪና ቆሞ ይጠብቃል ተብሎ ዝናም የመታው ድንኳን እርጥቡን ይጠቀለላል፤ በሳምንቱ ጠቁሮ ሲገኝ አጣቢው ይወቀሳል፣ በባዶ እጁም በረኪና እንዲያሽ ይታዘዛል፤ አስም ያለበት እንግዳም በዚያው ሥር ያድራል። ጥፋቱ ጊዜ የከለከለው የጌታው ነው እላለሁ፤ እንግዲህ ባለንብረቱ ጣራ ያለው፣ ነፋስ የሚያገኘው፣ ገመድ የተወጠረበት ማስጫ ያዘጋጅ፣ ለሠራተኛውም ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ይግዛ፣ ድንኳኑም እስኪደርቅ ድረስ ለሌላ ሰው አያከራይ።