«መንገዱ ባዶ ነው» ያለው ማነው?

ጎበዝ፣ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። መንገድ ባዶ ሆነ የሚባለው መቼ ነው?

ጥያቄውን ይዘን የመጣነው ከቢሾፍቱ ነው። ባለፈው እሁድ አራት ሆነን በኪራይ ብስክሌት ከባቦጋያ ሐይቅ ዳር ተነሳን፤ በአድአ የጤፍ ማሳዎች መሃል ዞረን በሆራ በኩል ልንመለስ። ዙሩ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ቱር ደ ፍራንስ አይደለም። አቀበቱም ቁልቁለቱም መለስተኛ ነው፤ አንዴ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ነፋሱ ላባችንን ያደርቅልናል። በአንድ በኩል የረር፣ በሌላ በኩል ዝቋላ ይታያሉ። ከአዲስ አበባ ከፍታ ለወረደ ሳንባ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለ አገር ምሕረት ነው።

ብስክሌቱን ያከራየን ልጅ «መንገዱ ባዶ ነው፣ እንደፈለጋችሁ ንዱት» ብሎ ነበር የሸኘን። ባዶ? ገና ግማሽ ሰዓት ሳንነዳ አህያ የሚነዱ እናቶች፣ ከብት የሚያግዱ ልጆች፣ ጥላ የያዙ ቄስ፣ በፈረስ የሚሄዱ ሽማግሌ፣ ጀሪካን ያዘሉ ልጃገረዶች አልፈናል። የጠፋው መኪና ብቻ ነው። እኛ ከተሜዎች ግን መኪና ካላየን ሰው ያየን አይመስለንም። እውነቱን እንናገር ካልን እኛም ከዚህ ኃጢአት ንጹሕ አይደለንም፤ ኮረብታው ጫፍ ላይ ፎቶ ስንነሳ «ጭር ያለ ገጠር» እንዲመስልልን ሰዎቹ እስኪያልፉ ጠብቀን ነበር!

ቀጥሎ አንድ አባዱላ መጣ። ጥሩምባውን ከሩቅ ለቀቀው፤ ፍሬን የሚባል ነገር ግን አልነካም። እኛም፣ አህዮቹም፣ ልጆቹም እኩል ወደ ቦዩ ገባን። ሾፌሩ ሲያልፍ በፈገግታ እጁን አውለበለበልን። ክፉ ሰው አልነበረም። ከልጅነቱ ጀምሮ መንገድ የመኪና ነው ሲባል የሰማ ሰው ነው። ጥሩምባ «እየመጣሁ ነው፣ ተጠንቀቁ» ማለት መሆኑ ቀርቶ «ንብረቴ ላይ ምን ትሠራላችሁ?» ማለት ከሆነ ቆይቷል።

ይህንን ስናወራ የሚቀርብልን መልስ ይታወቃል። «አዲስ አበባ ላይ የብስክሌት መስመር ተሠርቶላችሁ የለ እንዴ?» አዎ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመር አይተናል። ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮም መኪና አልባ እሁዶችን አይተናል። ደግ ነው፣ አልተቃወምንም። ነገር ግን በእግሩና በአህያው የሚኖረው ሕዝብ የሚበዛው የት ነው? እዚያ ብዙ ቦታ መንገዱ ሲያልቅ የሚጀምረው ቦይ ነው። ለሰው አንድ እርምጃ እንኳን አልተተወለትም። ለእግረኛው ስፋት ያለው የመንገድ ዳር ቢሠራ ብስክሌተኛውም አብሮ ይጠቀም ነበር።

ሁለተኛው መልስ «ብስክሌት የፈረንጅ መዝናኛ ነው» የሚለው ነው። ሄልሜት አድርገን ስናልፍ ሕፃናቱ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ተከትለውናል፤ ሁለታችን የአዲሱ ገበያ ልጆች ነን። ሕፃናቱ ይሳሳቱ፣ አዋቂው ግን ምን ሆኖ ነው? ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ በተሰለፈችበት በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልበርን ብስክሌተኞቿ ነበሩ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ከዚያ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን ነድቷል። «አገራችን ተራራማ ናት» ለምትሉም፣ በ2025 እ.ኤ.አ. አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናን ያስተናገደችው በኮረብታማዋ ኪጋሊ ነው።

ሦስተኛው መልስ ብዙ ጊዜ ጮክ ተብሎ አይነገርም። ከአራታችን ሁለታችን ሴቶች ነን። ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ ጎልማሶች ወንዶቹን «አይዟችሁ!» አሏቸው። እኛን ግን የማንደግመውን አሉን። ከዚያ ሁሉ በኋላ ታዲያ አቀበቱ ላይ አንዲት የ12 ዓመት ገደማ ልጅ ደብተሯን በፌስታል ይዛ እየሮጠች ደረሰችብን። በኦሮምኛ ትጠይቃለች፣ ጓደኛችን ይተረጉማል። እስክሪብቶ ወይም ብር ትለምነናለች ብለን ጠበቅን። የጠየቀችው «ብስክሌቱ ስንት ነው?» ብላ ነው። ትምህርት ቤቷ በእግር አንድ ሰዓት ይወስዳል። እሁድ ምን አባቷ ደብተር ያስይዛታል ብንል፣ ለካ ጓደኛዋ ዘንድ ልታጠና ነው።

ዋጋውን ነገርናት። ዝም አለች፤ ከዚያ «ትንሽ ልንዳው?» አለች። እኛ ደግፈን ያዝንላት፣ እሷ ቁልቁለቱን ወረደች፣ ሁለት ጊዜ ልትወድቅ ነበር፣ ሁለቴም ሳቀች። ያ አባዱላ በዚያች ደቂቃ ቢመጣ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አንፈልግም።

የኛ ጠብ ከዚህ ላይ ነው። ለኛ ብስክሌት የእሁድ መዝናኛ ነው፤ ቢቀርብን ማኪያቶ ጠጥተን ቤታችን እንገባለን። ለሷ ግን በየቀኑ ሁለት ሰዓት ከእግሯ ላይ የሚያነሳ ነገር ነው። እና ብስክሌቱን ብታገኝ እንኳን የምትነዳበት መንገድ ዳር የላትም። ስለዚህ መንገድ የምትነድፉ ሆይ፣ ለሰው ዳር ተዉለት። በትምህርት ቤትና በገበያ ደጃፍ ፍጥነት ይቀንስ። የመንጃ ፈቃድ የምታስተምሩም፣ ጥሩምባ ፍሬን እንደማይተካ ከመሪው በፊት አስተምሩ።

አንተ ሾፌር ወንድማችን ደግሞ፣ በሚቀጥለው እሁድ እዚያው አቀበት ላይ እንገናኛለን። መንገዱ ባዶ አይደለም። ፍሬኗን ረገጥ አድርጋት።