የወፍ ቆጠራ የፈረንጅ ሥራ ነው ያለው ማነው?

ወገኖቼ፣ ኅዳር ሲገባ ፎገራ እንግዳ አለባት። ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ግራጫ ወፎች የሰሜን አውሮፓንና የሩሲያን ብርድ ሸሽተው ጣና ዳር ይከርማሉ። ቀን ማሳ ላይ የረገፈ እህል ይለቅማሉ፤ ማታ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ራሱ ላይ ዘውድ የደፋው ጥቁሩ ክሬን ደግሞ የራሳችን ነው።

ታዲያ መነጽር አንግቶ የሚያያቸው ፈረንጅ ብቻ ሆኗል። የእኛ ተማሪ ስማቸውንም አያውቅ።

የሸሸርና የወላላ ረግረግ ግን ውሃው በሞተር እየተሳበ፣ ዳሩ እየታረሰ አልቋል ማለት ይቻላል። ገበሬውን አልወቅስም፤ የሚያበላው ቤተሰብ አለው። ነገር ግን ውሃው የወፍ ብቻ አይደለም። በበጋ ሣር ሲጠፋ የፎገራ ላም የምትግጠው እዚያው ነው። ረግረጉ ሲደርቅ ወፉ ብቻ ሳይሆን ወተቱም ይሄዳል።

እኔ የምለው፦ በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፍ የሚቆጠረው በጥር ወር ገደማ ነው። የየትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብም አንድ ቅዳሜ ወጥቶ ይቁጠር፤ ውጤቱን ቀበሌ ስብሰባ ላይ ያንብብ። በየዓመቱም ይድገመው። «ድሮ ብዙ ነበር» በማለት ብቻ የቆመ ሞተር የለም፤ ቁጥር ሲቀርብ ግን ቢያንስ መነጋገር ይጀመራል።

የባዮሎጂ መምህራን፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?