ጆሮ ያልቀደመው መሣሪያ — ለጀማሪ ዲጄዎች

ስለ ኪነ ጥበብ በምንሰበሰብባቸው መድረኮች ዲጄ የሚባለው ሰው ወንበር የለውም። ገጣሚው፣ ሠዓሊው፣ ተዋናዩና ሙዚቀኛው ስማቸው በተርታ ሲጠራ፣ እርሱ የድምፅ ማጉያ ከሚያጓጉዙት ሠራተኞች ጋር ይመደባል፤ «የሰው ዘፈን ከማጫወት በቀር ምን ፈጠረ?» የሚለው ንቀትም በብዙ የተማሩ ሰዎች አፍ ላይ አለ። በሌላው ወገን ወጣቱ ዲጄ ራሱ፣ ላፕቶፕና ሚክሰር በገዛ ማግስት፣ ስሙን በማስታወቂያ ወረቀት ላይ ከዘፋኙ ስም አግዝፎ ያስጽፋል። ናቂውም ተኩራሪውም አንድ ስሕተት ይጋራሉ፤ ሁለቱም ዲጄነትን ቁልፍ መጫን አድርገው ይቆጥሩታል። ይህ ጽሑፍ ከሁለቱም ጋር ይሟገታል። ይበልጡን ግን የተጻፈው ሥራውን ዛሬ ለሚጀምሩት ወጣት ወንዶችና ሴቶች ነው፤ ናቂውን ዝም ለማሰኘት ከእኛ ክርክር ይልቅ የእነርሱ ሥራ ይበረታልና።

ዲጄ የሚያጫውተው የሰው ሥራ መሆኑ እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ ሕዝብ በምሽት ክበብ፣ በሠርግና በምርቃት ድግስ የሚሰማውን የሚመርጥ ሰው የሕዝቡን ጆሮ በእጁ ይዟል ማለት ነው። ይህ ሥልጣን ቀድሞ የባንዶች ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ታላላቅ ሆቴሎች ምሽት የባንድ ምሽት ነበር፤ ዋልያስ በሂልተን ሲጫወት፣ እንግዳው በሰዓት እላፊው ምክንያት እስኪነጋ ከአዳራሹ መውጣት ስለማይችል፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። አንድ ሌሊት ሙሉ አዳራሽ ይዞ ለማንጋት ስንት ዓይነት ዜማ፣ ስንት ዓይነት ምት፣ ስንት ዓይነት ቅኝት እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው። ባንዱ የልምምድ ሰዓት ነበረው፤ ሲሳሳት የሚያርመው አንጋፋ ነበረው፤ ከበሮ መቺው ቢዘናጋ ባስ ጊታር ተጫዋቹ በዐይኑ ይገሥጸው ነበር። ዛሬ በብዙው አዳራሽ በዚያ ሁሉ ሰው ቦታ የቆመው አንድ ወጣት ነው። የሚገሥጸው ባልደረባ አጠገቡ የለም፤ ልምምዱንም ማንም አያይለትም። የእርሱ ጆሮ ካልተማረ የአዳራሹም ጆሮ አብሮት ይደነቁራል።

ለዚህ ሥራ አርአያ ፍለጋ ባሕር መሻገር ግድ አይደለም። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በመጀመሪያ የሚያስተውለው ሰውን ነው፤ ማን እንደተከፋ፣ ማን እንደሞቀው፣ በየትኛው ጠረጴዛ ዙሪያ ገና ዝምታ እንዳለ። ከእንግዳው ግጥም ተቀብሎ ያንኑ ያዜማል። ቤቱ ሲደክም ምቱን ያረግባል፤ ቤቱ ሲነሣሣ ወደ እስክስታ ይመራዋል። የቀደመውን ዜማ ሳያስደነግጥ ወደሚቀጥለው የሚያሻግርበት ጥበብ ወጣቶቻችን ዛሬ በእንግሊዝኛ ስም እየጠሩ ከኢንተርኔት የሚቃርሙት ያው ጥበብ ነው። ዲጄ ሊሆን ያሰበ ሰው በአዝማሪ ቤት ጥግ ተቀምጦ ጥቂት ወራት ቢያሳልፍ ከብዙ ሰዓት ቪዲዮ ይበልጥ ይማራል። ቢያንስ ቢያንስ ዐይኑን ከስክሪኑ ላይ ማንሣት ይለምዳል።

ከውጭም እንማር ከተባለ፣ ትምህርቱ ከዚሁ የራቀ ሆኖ አይገኝም። ጃማይካ ተወልዶ በኒውዮርክ ያደገው ኩል ሄርክ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ኦገስት 11 ቀን በብሮንክስ ሰፈር እኅቱ ባዘጋጀችው ድግስ ላይ ሸክላ ሲያጫውት ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ጨፋሪዎቹ ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን ቦታ እንደሚጠብቁ አስተዋለ፤ የአንዱን ዘፈን ሁለት ሸክላዎች በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ ያን አጭር ቦታ እየመላለሰ አስረዘመው። የሂፕ ሆፕ ሙዚቃ አመጣጥ ሲነገር ያ ምሽት የሚጠቀሰው በዚህ ነው። ማጫወቻው ከሱቅ የተገዛ ነበር፤ አዲሱ ነገር የተገኘው የሰዎችን እግር ከመመልከት ነው። በዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ «ዘ ሎፍት» በተባለው መኖሪያው ውስጥ ድግስ ያደርግ የነበረው ዴቪድ ማንኩሶ ደግሞ፣ በኋላ ዘፈን ከዘፈን መቀላቀሉን ጨርሶ ትቶ እያንዳንዱን ሸክላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማጫወትን መረጠ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ከታላላቆቹ ተርታ ይጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታ እንግባ። በገበያ ላይ ያለው የዲጄ ፕሮግራም የሁለት ዘፈኖችን ምት በአንድ ቁልፍ ያገጣጥማል፤ ጀማሪውም ይህን የመሣሪያ ሥራ እንደ ራሱ ችሎታ ይቆጥረዋል። ፕሮግራሙ የሚመቸው ግን በአራት ለሚቆጠርና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል ፍጥነት ለሚመታ ሙዚቃ ነው። የእኛ ችክችካ በስድስት ስምንተኛ ይሄዳል፤ የትግርኛው ጭፈራ ብዙውን ጊዜ በአምስት ይቆጠራል፤ የጉራጌው ጭፈራ የራሱ ጥድፊያ አለው። በ1960ዎቹ በሸክላ የተቀረጹት ዘፈኖች ደግሞ ከበሯቸውን የመታው ሰው ነውና፣ መሐል ላይ ዘፋኙ ሲሞቀው ምቱም አብሮ ይፈጥናል። መሣሪያው እነዚህን ሊለካ ሲሞክር ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ምቱንም በሌለበት ቦታ ይቸነክረዋል።

በዚህ ጊዜ ወጣቱ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንደኛው፣ ያገሩን ዘፈን «አይገጥምም» ብሎ መተው ነው። ሁለተኛውና የከፋው፣ ከዘፈኑ ሥር በአራት የሚመታ የኮምፒውተር ከበሮ አስገብቶ ችክችካውን በጉልበት ማስተካከል ነው። እንዲህ በተደረገ ዘፈን ትከሻ አይንቀሳቀስም፤ እስክስታው የሚያርፍበት ቦታ ጠፍቷልና። ሰዉ እስክስታውን ትቶ መዝለል ይጀምራል፤ ዲጄውም ሰዉ ስለዘለለ የተሳካለት ይመስለዋል። በአንድ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ አንዲት እናት ለጭፈራ ተነሥተው፣ ምቱ ቢጠፋባቸው ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ አይቻለሁ። ዲጄው ያን ጊዜ ስልኩን ይመለከት ነበር።

መድኃኒቱ አሰልቺ ነው፤ መቁጠር ነው። ስድስቱን ስምንተኛ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ሦስት አድርጎ፣ ቀጥሎም ያንኑ ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጎ በጭብጨባ መቁጠር ነው። እነዚህ ሁለት አቆጣጠሮች በአንድ ሰው ውስጥ ሲዋሐዱ፣ በመካከላቸው ባለው ድልድይ ላይ ከስድስት ወደ አራት፣ ከአራትም ወደ ስድስት መሻገር ይቻላል፤ ማንም ሳይደነቃቀፍ። ማገጣጠሚያውን ቁልፍ አጥፍቶ ሁለት ዘፈን በእጁና በጆሮው ብቻ ማጋጠም እስኪችል ድረስ፣ ወጣቱ በሰው ድግስ ላይ ገንዘብ ተቀብሎ ባይቆም እመክራለሁ። ይህን ምክር ጨካኝ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ክራር መቃኘት የማይችል ክራር ደርዳሪ ግን ማንም ለሠርግ አይጠራም።

የቅኝቱ ነገር ከምቱም የከፋ ነው። እነዚሁ ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ዘፈን አዳምጠው ከ24 ስሞች አንዱን ይለጥፉበታል፤ 12 ሜጀር፣ 12 ማይነር። ትዝታና ባቲ ሲቀርቡላቸው እንደ ምንም ብለው የሚቀራረብ ስም ያገኙላቸዋል። ለአምባሰልና ለአንቺሆዬ ግን በዚያ ቤት ክፍል አልተሠራም። መሣሪያው አላውቅም ማለት አያውቅምና የመሰለውን ስም ይሰጣል፤ ወጣቱም ስሙን አምኖ አንቺሆዬን ከማትወደው ዜማ ጋር ይድራታል። የሚሰማው ጠብ ነው። አድማጩ ሙዚቃ ያልተማረ ቢሆንም ጠቡን ይሰማዋል፤ ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ ከጭፈራው ቦታ ቀስ ብሎ ይወጣል። ይህን ለማስቀረት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ዲፕሎማ አያስፈልግም። አራቱን ዋና ዋና ቅኝቶች አምስት አምስት ድምፃቸውን በአሮጌ ኪቦርድ ላይ እየነኩ መለየት፣ ለሚተጋ ሰው የአጭር ጊዜ ሥራ ነው። (የሙዚቃ መምህራን ሆይ፤ ዲጄን ማስተማር ክብር የሚቀንስ ከመሰላችሁ፣ ተማሪዎቻችሁ ቅዳሜ ማታ የሚጨፍሩት በማን ምርጫ እንደሆነ ጠይቋቸው።)

ስለ ስብስብ ደግሞ አንድ የሚያሳፍር ታሪክ አለ። የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ ባንዱ ወደ አሜሪካ በተጓዘ ጊዜ እዚያው ቀርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ ኪቦርዶች አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ አገር ቤት ገብቶ ተሸጠ፤ ተሰማ፤ ከዚያም ተረሳ። ኃይሉም በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ጀመር። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ያን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ ያገኘው ብራያን ሺምኮቪትስ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ባለቤቱን አፈላልጎ አግኝቶ፣ አስፈቅዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው አሳታሚው ዳግም አወጣው። ኃይሉ መርጊያም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አልበም አሳተመ። ሰውየውን ማመስገን ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ለእኛ ነው፤ በዚያ የካሴት መደርደሪያ አጠገብ ስንት የራሳችን ዲጄ አለፈ? ከመቶ ዘፈን ዘጠናውን ከአንድ የኢንተርኔት ገጽ አውርዶ፣ ያንኑ በየክለቡ የሚያዞር ሰው ከጎረቤቱ በምን ይለያል?

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን የሸክላ አሳታሚ ሲያቋቁም በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ነበር፤ ሸክላ የማሳተሙ መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ጊዜ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያሳተማቸው መቶ ያህል ሸክላዎች ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» ብሎ ለሚጠራው ሙዚቃ አንዱ ምሰሶ ሆነዋል። በእኛም ጊዜ ድፍረት ጨርሶ አልጠፋም። እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ በሰየመው መንገድ፣ ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው «ዘለዓለም»፣ ሮፍናንም በ2010 ዓ.ም. በ«ነጸብራቅ» አልበሙ፣ መሣሪያው ለባሕሉ እንዲታዘዝ ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል። ሦስቱም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ሁሉንም እኩል አልወዳቸውም። ጆሯቸው ከመሣሪያቸው እንደሚቀድም ግን አልጠራጠርም።

የክለብ ባለቤቶችን ነገር ሳላነሣ ባልፍ አድሎ ይሆናል። ብዙው ባለቤት ገና በሁለት ሰዓት፣ አዳራሹ ውስጥ አሥር ሰው ሳይሞላ፣ «ሞቅ አድርገው!» ይላል። ወጣቱም ታዝዞ ያለውን ሁሉ በመጀመሪያው ሰዓት ይጨርሳል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ሰዉ ሲሞላ እጁ ባዶ ነው። ጀማሪ ዲጄ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ይህ የምሽቱ መጀመሪያ ነውና፣ ቦታውን እንደ ውርደት አይቁጠረው። ሰው እየተጨዋወተ የሚሰማውን፣ ቀስ ብሎ የሚያሟሙቀውን ሙዚቃ መምረጥ ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ነው፤ ተከታዩን ዲጄ ሳይሻሙ ቤቱን አዘጋጅቶ ማስረከብም ጨዋነት ነው። ክፍያውን ደግሞ በመጠጥ የሚተምን ባለቤት ሲገጥመው ውሉን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ እምቢ ካለው ይሰናበተው።

ስለ ድምፁ ኃይል የጤና ሊቃውንት የሚሉት ግልጽ ነው። በ85 ዴሲቤል ስምንት ሰዓት መሥራት ይቻላል፤ ሦስት ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ሲደርስ የሚቀረው አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ለመዝናኛ ቤቶች ባወጣው መመዘኛ ጣሪያውን በአማካይ 100 አድርጎታል። ዲጄው በሳምንት ብዙ ሌሊት ከድምፅ ማጉያው ጎን ይቆማል። በጆሮው እንጀራውን የሚበላ ሰው የጆሮ መከላከያ ማድረግን እንደ ፍርሃት ሲቆጥረው ማየት ያስገርማል። የተጎዳ ጆሮ ደግሞ የቀጭኑን ድምፅ ጉድለት ስለማይሰማ ድምፁን ይጨምራል፤ ጉዳቱም ወደ አዳራሹ ይተላለፋል።

የመጨረሻው ነገር የባለቤትነት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ለደራሲውም ለከዋኙም መብት ሰጥቷል። ወጣቱ ዲጄ በየምሽቱ ያጫወተውን ዘፈን ሁሉ በደብተር ይመዝግብ፤ የዘፋኙን ስም ብቻ ሳይሆን የዜማውን ደራሲ፣ የግጥሙን ደራሲ፣ አቀናባሪውንና ባንዱንም። የአሮጌ ካሴት ሽፋኖች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል፤ ኢንተርኔት ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ክፍያ በሚከፋፈልበት ቀን፣ ምን ያህል ጊዜ የማን ሥራ እንደተጫወተ የሚመሰክረው ያ ደብተር ነው። የባህል ቢሮዎቻችንም ዲጄዎችን ለስብሰባ ሲጠሩ ስለ ሥነ ምግባር ንግግር ከማድረጋቸው በፊት ደብተሮቹን አምጡ ይበሉ፤ መምህራኑም ከጎናቸው ተቀምጠው የየዘፈኑን ቅኝት በኅዳጉ ላይ ይጻፉላቸው።